ሲን አጽድቶ ዲን መተው

(ተነጋጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። መምህርት፦ አዲስ አበባ ውስጥ አማርኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ እናት። ጠጋኝ፦ የቀድሞ ተማሪያቸው፣ ዛሬ ኮምፒውተር የሚጠግን። የሚነጋገሩት በመምህርቷ ቤት፣ በአሮጌው ዴስክቶፕ ፊት ለፊት ተቀምጠው ነው።)

መምህርት፦ ፎርማት ተደርጎ መጣ፤ ሳምንት ሳይሞላው ተመልሶ ያው ሆነ። ቫይረሱ ብረቱ ውስጥ ሳይገባ አልቀረም። ሰው ሁሉ «ሀርድ ዲስኩን ቀይሪው» እያለኝ ነው።

ጠጋኝ፦ ገንዘብዎን አያውጡ ቲቸር፤ ሀርድ ዲስኩ ደኅና ነው። እስቲ ምን እንደሚያደርግ አንድ በአንድ ይንገሩኝ። «ቫይረስ ያዘው» ብቻ ከተባልኩ ከየት እንደምጀምር አላውቅም።

መምህርት፦ አንቲቫይረስ ልጫን ስል መስኮቱ ብልጭ ይልና ይዘጋል። ታስክ ማናጀር አልከፍትም ይላል፤ «በአስተዳዳሪ ተዘግቷል» የሚል ጽሑፍ ያመጣል። ባለፈው የመጣው ልጅ ደግሞ በሴፍ ሞድ ላስነሣው ቢል ሰማያዊ ስክሪን ሆኖ ቀረበት።

ጠጋኝ፦ እነዚህ ሦስቱ ሲገጣጠሙ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሳሊቲን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የሚታወቅ ያረጀ ቫይረስ ነው፤ እንደዚህኛው ዓይነት ዊንዶውስ 7 ባለበትና አፕዴት በማያውቅ ማሽን ላይ ግን ዛሬም ይኖራል። ታስክ ማናጀሩንና የዊንዶውስ የቅንብር መዝገብ የሆነውን ሬጅስትሪ ይቆልፋል፣ አንቲቫይረስ ሲነሣ ያፍነዋል። ሴፍ ሞድ የሚነሣበትን መረጃም ከሬጅስትሪው ላይ ስለሚሰርዘው ነው ሰማያዊው ስክሪን የመጣው። ከሁሉ የሚከፋው ግን ለብቻው በአንድ ፋይል ውስጥ አለመቀመጡ ነው። ሁለቴ ሲጫኑ ፕሮግራም የሚያስነሡትን፣ ኢኤክስኢ የሚባሉትን ፋይሎች፣ እየፈለገ ራሱን ከውስጣቸው ይለጥፋል። መልኩን በየፋይሉ ስለሚለዋውጥም አንቲቫይረሱ አንዱን አወቀው ማለት ሌላውን አወቀው ማለት አይደለም። ለመሆኑ ፎርማት የተደረገው የትኛው ክፍል ነው?

መምህርት፦ ሲ ነዋ። ዲ ላይ የፈተና ወረቀቶቼ፣ ማስታወሻዎቼ፣ የልጆቼ የሰርግ ፎቶ፣ የዕድሜዬ ሥራ ሁሉ አለ። እሱን ማንም እንዳይነካብኝ አጥብቄ ነው የምናገረው።

ጠጋኝ፦ ከጽሑፍና ከፎቶ ሌላስ ዲ ላይ ምን አለ?

መምህርት፦ «ሶፍትዌር» የሚል ፎልደር አለ። ኦፊስ፣ የአማርኛ መጻፊያው፣ ቪዲዮ ማጫወቻው፣ የልጅ ልጄ ጌሞች፣ ሁሉም እዚያ ተቀምጠዋል። ፎርማት በተደረገ ቁጥር መልሰን የምንጭነው ከዚያ ነው፤ ለማውረድ ኢንተርኔት እንዳናባክን።

ጠጋኝ፦ ያገኘነው ይመስለኛል። ሲ ይጠፋል፣ ንጹህ ዊንዶውስ ይገባል። ከዚያ ኦፊስን ለመጫን ዲ ውስጥ ገብተው ሴትአፑን ሁለቴ ይጫኑታል። ቫይረሱ ሴትአፑ ውስጥ ስለሆነ አብሮት ይነሣል፤ ወዲያው ሲ ላይ ያሉትን አዳዲስ ፋይሎች መልከፍ ይጀምራል። ትኋን የገባበት ቤት ፍራሹ ብቻ እንደተለወጠ ይቁጠሩት፤ በግድግዳው ስንጥቅ ያለው ሲመሽ ይወጣል። ሀርድ ዲስክ ቢቀይሩም «ሶፍትዌር» የሚለው ፎልደር ወደ አዲሱ ተገልብጦ መሄዱ አይቀርም፤ ቫይረሱም ይከተላል።

መምህርት፦ ታዲያ ያ ሁሉ ጠጋኝ ይህን አያውቅም?

ጠጋኝ፦ አብዛኛው ያውቃል። ግን ደንበኛው «ዲ እንዳይነካ» ይላል፣ ጠጋኙ «እሺ» ይላል፣ በዚያው ይቀራል። ሲን ፎርማት ማድረግ ቶሎ ያልቃል፤ ዋጋውም የታወቀ ነው። ዲን መፈተሽ፣ ፍላሾቹን ሁሉ ሰብስቦ ማየት፣ ከሰውዬው ጋር ቁጭ ብሎ «ይህን ከየት አመጡት?» እያሉ መጠየቅ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ የሚከፍልበት የለም። ይህ ነገር ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ሰው ደጋግሞ ለፎርማት ይከፍላል፣ በየጊዜው የሆነ ነገር ይጠፋበታል፤ በመጨረሻም ኮምፒውተር ማለት እንዲህ ነው ብሎ ይቀበለዋል።

መምህርት፦ እኔም ተቀብዬው ነበር። እንግዲህ ንገረኝ፤ ዲን ሳታጠፋ እንዴት ታጸዳዋለህ?

ጠጋኝ፦ ይህን ዊንዶውስ ሳላስነሣ። ቫይረሱ እየሠራ ባለበት ዊንዶውስ ውስጥ ሆኖ እሱን መንቀል ከባድ ነው፤ አንዱን ፋይል ስናጸዳ ሌላውን ይይዛል። ከዚህ የባሱም አሉ። ሩትኪት የሚባሉት ከዊንዶውስ ሥር ገብተው ስለሚደበቁ፣ አንቲቫይረሱ ዊንዶውስን «እዚህ ምን አለ?» ብሎ ሲጠይቅ «ምንም የለም» የሚል መልስ ያሰጣሉ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2010 ማይክሮሶፍት አንድ አፕዴት ሲያወጣ የብዙ ሰው ኮምፒውተር በሰማያዊ ስክሪን ቆመ። ሰው ሁሉ አፕዴቱን ረገመ። ሲጣራ ግን የቆሙት አሉሬዮን የተባለ ሩትኪት የነበረባቸው ሆነው ተገኙ። አፕዴቱ የዊንዶውስን ውስጥ ሲለውጥ የተደበቀው ነገር ቦታው ጠፋበትና ማሽኑን ይዞት ወደቀ።

መምህርት፦ እና በምን ታስነሣዋለህ?

ጠጋኝ፦ በፍላሽ። ንጹህ ኮምፒውተር ላይ የማዳኛ ዲስክ አዘጋጃለሁ፤ የካስፐርስኪውም የዶክተር ዌቡም በነጻ ይገኛሉ። ማሽኑ ሲበራ ከፍላሹ ይነሣል። ሀርድ ዲስኩ ላይ ያለው ዊንዶውስ ስላልተነሣ ቫይረሱም አይንቀሳቀስም፤ እንደ ማንኛውም ፋይል ተቀምጦ ይቃኛል። ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ያለው ሰው ይህም አያስፈልገውም። የዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ በሆነው ዲፌንደር ውስጥ «ኦፍላይን ስካን» የሚል ምርጫ አለ፤ ሲጫኑት ማሽኑ ጠፍቶ ይበራና ዊንዶውስ ሳይነሣ ሩብ ሰዓት ያህል ይቃኛል። ይህን ምርጫ የሚያውቀው ሰው ጥቂት መሆኑ ይገርመኛል።

መምህርት፦ በዚህ የተለከፉት ፋይሎች ይድናሉ?

ጠጋኝ፦ አንዳንዱ ይድናል፣ አንዳንዱ ተበላሽቶ ይቀራል። እኔ ግን ኢኤክስኢ አላክምም። ፎቶዎን፣ የጽሑፍ ፋይልዎን፣ ዘፈንዎን ሳሊቲ አይለጥፍባቸውም፤ እነሱን ብቻ ለይቼ ወደ ሌላ ዲስክ አወጣቸዋለሁ። የሚሞተው ሴትአፕ ነው። ሴትአፕ ደግሞ ከባለቤቱ ገጽ እንደገና ይወርዳል፤ የሰርግ ፎቶ ግን ከየትም አይወርድም። ከዚያ ሲና ዲ ሳይባል ዲስኩ ሙሉ በሙሉ ተጠርጎ እንደ አዲስ ይከፈላል።

መምህርት፦ እዚህ ላይ አልስማማም። የአማርኛ መጻፊያዬ ከየትም አይወርድም። ድሮ የተጫነልኝ ነው፤ ያመጣልኝ ሰው አሁን የት እንዳለ አላውቅም። እሱ ሲጠፋ የቆዩ ፈተናዎቼ ይከፈታሉ፤ የሚታየው ግን ፊደል አይደለም፤ የፈረንጅ ሆሄና ምልክት ተደበላልቆ ነው። አንድ ጊዜ ደርሶብኛል፤ የጻፍኩት ሁሉ የጠፋ መስሎኝ ነበር።

ጠጋኝ፦ ይህን በማንሣትዎ ደስ ብሎኛል። በዚህ ምክንያት ብቻ የተለከፈ ሴትአፕ ተሸክመው የሚኖሩ ብዙ ናቸው፤ ጋዜጠኞች፣ ጠበቆች፣ የቤተ ክርስቲያን ጸሐፊዎች። ነገሩ እንዲህ ነው። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት፣ የአማርኛ ሶፍትዌሮች የየራሳቸው መላ ነበራቸው፤ ለእንግሊዝኛ ሆሄ በተመደበው ቦታ ላይ የእኛን ፊደል ሥለው ያስቀምጡ ነበር። ስለዚህ ፋይሉ ውስጥ ያለው በእውነትም የእንግሊዝኛ ምልክት ነው፤ «ሀ» ሆኖ እንዲታይ የሚያደርገው ፎንቱ ነው። ፎንቱ ሲጠፋ የሚያዩት ያ ዝብርቅርቅ ይሆናል።

መምህርት፦ እኮ፤ ስለዚህ ሶፍትዌሩ ያስፈልገኛል።

ጠጋኝ፦ የሚያስፈልግዎ ፎንቱ ነው። ፎንት ራሱን የቻለ ፋይል ነው፤ ፕሮግራም ስላልሆነ ሳሊቲ አይነካውም። አሁን ከዊንዶውሱ የፎንት ፎልደር ውስጥ የድሮዎቹን ፎንቶች በሙሉ ገልብጬ አወጣቸዋለሁ። አዲሱ ሲስተም ላይ ሲጫኑ የቆዩት ፈተናዎችዎ እንደነበሩ ይነበባሉ። ከዛሬ ወዲያ የሚጽፉት ደግሞ በዩኒኮድ ይሁን፤ በማንኛውም ስልክና ኮምፒውተር ላይ ይከፈታል። ለመጻፊያው ኪማን የሚባል አለ፤ ነጻ ነው፣ የአማርኛ ኪቦርዱም ነጻ ነው። ጣትዎ እስኪለምደው ትንሽ ያስቸግርዎታል፤ የፊደሎቹ አጫጫን ከለመዱት ሊለይ ይችላል።

መምህርት፦ ጣቴ ይለምዳል። ሌላው ጥያቄዬ ግን አለ። አንተ «ከባለቤቱ ገጽ ይውረድ» ትላለህ፤ ባለቤቱ ዶላር ይጠይቃል። በጡረታ የምኖር ሰው ነኝ፤ ዶላርም የለኝ፣ ዶላር የሚከፍል ካርድም የለኝ። ቁልፉ ተሰብሮ ያለ ክፍያ የሚሠራውን፣ ክራክ የተደረገውን የማይጠቀም ቤት አሳየኝ። እኛ ሌቦች ስለሆንን ነው?

ጠጋኝ፦ እንደሱ አልልም ቲቸር። ብዙ ሰው ክራክ መሆኑንም አያውቅ፤ ሲገዛው ተጭኖ ነው የሚሰጠው። እኔ የምጠይቅዎ አንድ ነገር ነው። ክራኩን ሲጭኑ የሚመጣው መመሪያ በመጀመሪያ ምን ይላል?

መምህርት፦ «አንቲቫይረሱን አጥፉ» ይላል።

ጠጋኝ፦ አጠፉት። ከዚያ «በአስተዳዳሪነት አስነሡት» ይላል፤ አስነሡት። እንግዲህ የማያውቁት ሰው የሠራውን ፕሮግራም፣ ጠባቂውን አንሥተው፣ ሙሉ ሥልጣን ሰጥተው አስገቡት ማለት ነው። አንዳንዱ ክራክ ለራሱ የሚበቃውን ብቻ ያደርጋል። አንዳንዱ ዲፌንደር ውስጥ ገብቶ «ይህን ፎልደር አትቃኝ» የሚል መዝገብ ይጨምራል። ሲ ድራይቭ በሙሉ እንዳይቃኝ የተመዘገበባቸው ማሽኖች አይቻለሁ፤ ባለቤቶቹ «አንቲቫይረሴ ምንም አላገኘም» ብለው ተረጋግተው ተቀምጠዋል። የሰው ማሽን ሳይ መጀመሪያ የምከፍተው ያንን ዝርዝር ነው።

መምህርት፦ የምታስፈራራኝ መሰለኝ።

ጠጋኝ፦ የሚያስፈራውን ገና አልነገርኩዎትም። ጁቩ የሚባል የራንሰምዌር ቤተሰብ አለ፤ ስቶፕም ይሉታል። ዋና መንገዱ ክራክና የሶፍትዌር ቁልፍ አውጪ ፕሮግራም ነው፤ የሚያጠምደውም መሥሪያ ቤት ሳይሆን እንደ እርስዎ ያለውን የቤት ተጠቃሚ ነው። ሲገባ ሆስትስ የሚባለውን ፋይል ይለውጥና የአንቲቫይረስ ገጾች እንዳይከፈቱ ያደርጋል። ከዚያ ፎቶውንም ጽሑፉንም ይቆልፍና በየፎልደሩ ደብዳቤ ይተዋል፦ 980 ዶላር፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ከጻፋችሁ ግማሹን። እንግዲህ ቫይረሱን መንቀልና ፎቶውን ማዳን የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ጁቩን ከማሽኑ ማጥፋት ይቻላል፤ የተቆለፈው ፋይል ግን እንደተቆለፈ ይቀራል።

መምህርት፦ የጎረቤቴ ልጅ እንዲህ ደርሶባት ነበር። የመመረቂያ ጽሑፏ። የፋይሎቹ ስም ጭራ አወጣ፤ አንዱም አልከፈት አለ። ያየላት ልጅ ወዲያው ፎርማት አደረገው።

ጠጋኝ፦ ፎርማት ማድረግ አልነበረበትም። የተቆለፉት ፋይሎችና ደብዳቤው መቀመጥ ነበረባቸው። ኤምሲሶፍት የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2019 ነጻ መፍቻ አውጥቷል፤ ከዚያ ዓመት ኦገስት በፊት ለነበሩት ለአብዛኞቹ የጁቩ ዓይነቶች ይሠራል። ከዚያ ወዲህ ለመጡት ነገሩ ጠንክሯል፤ ቢሆንም ቫይረሱ ሲቆልፍ ኢንተርኔት ካላገኘ ለሁሉም አንድ የሆነ ቁልፍ ስለሚጠቀም፣ ያ ቁልፍ ከተገኘ የብዙ ሰው ፋይል በአንድነት ይፈታል። ደብዳቤው ላይ ያለው መለያ መጨረሻው «ቲ1» ከሆነ ምልክቱ ያ ነው። ደግሞም ጁቩ ለመቸኮል ሲል የእያንዳንዱን ፋይል የመጀመሪያ 150 ኪሎባይት ያህል ብቻ ነው የሚቆልፈው፤ ከረዥም ቪዲዮ ብዙው ክፍል ሊተርፍ ይችላል። የኔዘርላንድስ ፖሊስና ዩሮፖል ከአንቲቫይረስ ድርጅቶች ጋር እ.ኤ.አ. በጁላይ 2016 የጀመሩት ኖ ሞር ራንሰም የሚባል ገጽ አለ፤ መፍቻዎች በነጻ ይሰበሰቡበታል። ቸኩሎ ፎርማት ያደረገ ሰው ግን የሚፈታለት ፋይል አይኖረውም።

መምህርት፦ ሳልከፍል ልጠቀምበት የምችለው ምን አለ? እሱን ንገረኝ።

ጠጋኝ፦ ሊብሬኦፊስ ነጻ ነው፤ ፈተና ለማዘጋጀት አያንስም። ለቪዲዮ ቪኤልሲ ነጻ ነው። ዋናው ግን ዊንዶውሱ ራሱ ነው። ለዊንዶውስ 7 መደበኛው የደኅንነት አፕዴት የቆመው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 ነው፤ ለዊንዶውስ 10 ደግሞ በኦክቶበር 14፣ 2025። ዊንዶውስ 11 በዚህ ማሽን ላይ እንዲገባ አይፈቀድለትም፤ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍል ይጠይቃል። ስለዚህ ክራክ የተደረገ አሮጌ ዊንዶውስ መልሼ ከምጭንልዎ ሊኑክስ ሚንት ባስገባ ይሻላል ብዬ አስባለሁ። ነጻ ነው፣ አማርኛ ይጻፍበታል፣ ሳሊቲ ለዊንዶውስ የተሠራ ስለሆነ እዚያ አይነሣም። የልጅ ልጅዎ ግን ይከፋል፤ ከጌሞቹ የሚቀሩበት ይኖራሉ።

መምህርት፦ እሱ ስልክ አለው። የፎቶ ኮፒ ቤቱስ? ፈተና ላሳትም ፍላሽ ይዤ ስሄድ ፎልደሮቼ ሾርትከት ሆነው ይመለሳሉ።

ጠጋኝ፦ እሱ ሌላ ዓይነት ነው። ቀድሞ ፍላሽ ሲሰካ ዊንዶውስ ራሱ ያስነሣው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2008 የወጣው ኮንፊከር ከተስፋፋባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነበር። ዊንዶውስ 7 ሲመጣ ይህ ለፍላሽ ተዘጋ፤ ለኤክስፒና ለቪስታም በፌብሩዋሪ 2011 በአፕዴት ተዘጋ። በራሱ መነሣት ሲከለከል ቫይረሱ በሰው እጅ መነሣትን ዘየደ። እውነተኛውን ፎልደር ይደብቅና በዚያው ስም ሾርትከት ያስቀምጣል። ሲጫኑት ቫይረሱን ያስነሣል፤ ወዲያው ፎልደሩንም ይከፍትልዎታል፤ ስለዚህ ምንም አያስጠረጥርም።

መምህርት፦ ፋይሎቼ አልጠፉም ማለት ነው?

ጠጋኝ፦ አልጠፉም፤ እዚያው ፍላሹ ላይ ተደብቀዋል። አትሪብ በምትባል ትእዛዝ ይገለጣሉ። ግን መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ላይ የሚሠራው የቫይረሱ ስክሪፕት መቆም አለበት፤ አለዚያ ፍላሹን ባጸዱት ቁጥር መልሶ ይደብቀዋል። ለእርስዎ የሚሻለው ፍላሹን መተው ነው። ፈተናውን ፒዲኤፍ አድርገው ለፎቶ ኮፒ ቤቱ በቴሌግራም ይላኩላቸው፤ ከእነሱ ማሽን ወደ እርስዎ የሚመጣ ነገር አይኖርም። ፍላሽ ግድ ከሆነ ለኅትመት ብቻ የሚሆን አንድ ይያዙ፤ ሌላ ምንም አያስቀምጡበት።

መምህርት፦ ቴሌግራሜ እዚህም ኮምፒውተር ላይ ተከፍቷል።

ጠጋኝ፦ እንግዲያው ከእሱ እንጀምር። ከክራክ ጋር የሚመጡ የይለፍ ቃል ሌቦች አሉ፤ ብሮውዘሩ ያስቀመጠውን ይለፍ ቃል ሁሉ ይዘው ይሄዳሉ፣ የተከፈተውን ቴሌግራምም ከነመግቢያው ይገለብጡታል። እንዲህ የተወሰደ ቴሌግራም ይለፍ ቃል ሳይጠይቅ ሌላ ቦታ ሊከፈት ይችላል። ስልክዎን ያምጡ፤ «መሣሪያዎች» የሚለው ውስጥ ገብተን ከስልክዎ በቀር ያለውን ሁሉ እናስወጣለን። የኢሜይሉንም ይለፍ ቃል ከስልክዎ ላይ አሁኑኑ ይለውጡት። በዚህ ኮምፒውተር ላይ አይለውጡ፤ አዲሱንም ይሰርቁታል።

መምህርት፦ ይኸው ስልኩ። «ሶፍትዌር» የሚለውን ፎልደርም አጥፋው፤ ከነአማርኛ መጻፊያው። ፎንቶቹን ግን ቅድም እንዳልከው በሁለት ቦታ አስቀምጥልኝ።

ጠጋኝ፦ በሁለት ቦታ አላልኩም፤ በሁለት ቦታ ማስቀመጡ ግን ትክክል ነው። ፎቶዎቹንም እንደዚያው አደርጋለሁ። አንዱ ዲስክ ገልብጠን እንደጨረስን ይነቀላል፤ ከኮምፒውተሩ ጋር ተሰክቶ አይቆይም።